የተያዘ ሰው አደራ

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ የእኅቴ ልጅ ከሥራው ፈቃድ ተቀብሎ ሊጠይቀን ወደ ደባርቅ መጣ። ይህ ልጅ ፖሊስ ነው። የሚያገለግለውም በቆላ አገር ስለ ሆነ፥ የደጋው ነፋስ ናፍቆት ኖሮ፥ በመጣ በማግሥቱ «አጎቴ፥ ቡይት ራስ እንውጣ፤ ገደሉን ልየው» አለኝ። በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን። ቡይት ራስ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ያለ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ ሜዳው ድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላ የሚወርድበት አፋፍ ነው። ጭላዳዎች ማለዳ ከገደሉ ወጥተው ሲመሽ ወደ ገደሉ እስኪመለሱ ድረስ በዚያ ሜዳ ሣር ሲነጩ ይውላሉ።

አፋፍ አፋፉን ስንሄድ ልጁ የሥራውን ነገር ያጫውተኝ ጀመር። አንድ ሰካራም ጩቤ መዝዞ ሰው ሊወጋ ሲል እንዴት አድርጎ እንደ ያዘው ሲነግረኝ፥ «ከኋላው ሄጄ አንገቱን በክንዴ ቈለፍሁትና ጣልሁት» አለ፤ እንዴት እንደ ቈለፈውም በክንዱ አሳየኝ። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ መለስሁ። እርሱም ነገሩ ገብቶት፥ «አንቱ መምህር ነዎት፤ አይፈረድብዎትም። ጩቤ መዝዞ ለመጣ ሰው ሕገ መንግሥት ያነቡለታል?» አለኝ።

የልጁ ነገር እውነት ነበረበት። ሰውን መያዝ በወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚያወሩት የቀለለ ሥራ አይደለም። በኛ አገር ሽመል የማይዝ ገበሬ፥ መሣሪያ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ፖሊስም እናት አለችው፥ ማታ በደኅና መመለሱን የምትጠብቅ። ይህን የማያስብ ሰው ስለ ፖሊስ ባይጽፍ ይሻላል። እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን የክርክሩ ክብደት አልነበረም። አንድ የማውቀው ነገር ነበረና ነው። ለእርሱ በዚያ ቀን የነገርሁትን ለእናንተም፥ ለወጣቶቹ፥ እነሆ ልንገራችሁ።

በ1988 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ስሟን በማልጠራት አንዲት የገበያ ከተማ፥ በቅዳሜ ቀን፥ እናቴ ጨው ግዛ ብላ ልካኝ ስዞር፥ «ሌባ! ያዙት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችው ገንዘብ ተፈትቶ ተወስዶባት ኖሯል። ሕዝቡም አንድ ባዶ እግሩን የሆነ፥ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት የሚሆን ሰው እያሳየ ሮጠ። ሁለት የታጠቁ ጠባቂዎች ደርሰው ያዙት፤ ቢታገላቸው በግንባሩ ወደ መሬት ጣሉት። አንደኛው እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ በገመድ አሰረው፤ ሁለተኛው በጉልበቱ ማጅራቱን ተጫነው። ይህ ሁለተኛው ቀና ብሎ እኔን አየና «አንተ ጎረምሳ፥ እግሩን ያዝ!» አለኝ። ያዝሁ። እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል መመረጤ እንደ ክብር ሆኖ ተሰማኝ። በሁለት እግሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ሰውየው በመጀመሪያ ይናገር ነበር። «ታፈንሁ፤ ስለ ማርያም፥ ታፈንሁ» ይል ነበር። በጉልበቱ የተጫነውም «የታፈነ ሰው ይህን ያህል ያወራል?» ብሎ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። በአጠገባችን የነበሩ አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ «በሕግ አምላክ! ልጆቼ፥ በሕግ አምላክ! ሰውየውን ቀና አድርጉት!» እያሉ ሦስት ጊዜ ጮኹ። በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ሊማታ እጁን ያነሣ ቢሆን እንኳ እጁን መልሶ ይቆማል። ያን ቀን ግን የቆመ የለም። ሕጉ ከኛ ጋራ ነው ብለን አስበን ይሆናል።

እግሩ ከበታቼ በኃይል ይራገጥ ነበር። በተራገጠ ቍጥር «እንቢ አለ፤ አጥብቀህ ያዝ» ይሉኛል፤ እኔም አጠብቃለሁ። ጥቂት ቈይቶ እግሩ ረጋ። በዚህን ጊዜ ቀና ብዬ «አሁን ተረታ» አልሁ። ይህችን ቃል የተናገርሁ እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ሊያስነሡት ቢሞክሩ አልነሣ አለ፤ ውኃ አፈሰሱበት። ኋላም እማሆይ ተንበርክከው ፊቱን ወደ ሰማይ አዞሩት፥ ዓይኑንም በእጃቸው ከደኑለት።

በማግሥቱ «የልብ በሽታ ነበረበት» ተባለ። ሊሆን ይችላል። ሌባም ሊሆን ይችላል፥ ላይሆንም ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ከላዩ አልተገኘም። እኔን የጠየቀኝ ዳኛ አልነበረም። ጨውን ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይህን ነገር አፍኜ ሃያ አራት ዓመት ያህል ኖርሁ። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን በአሜሪካን አገር በሚኒያፖሊስ ከተማ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት በሚኖሩባት በዚያች ከተማ፥ ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ጥቁር ሰው በሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ሲጋራ ገዝተሃል ተብሎ ተያዘ። እጁ በካቴና ከታሰረ በኋላ በግንባሩ ተደፍቶ፥ ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ 9 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ በጉልበቱ አንገቱን ተጫነው። በመንገድ ቆማ የነበረች የ17 ዓመት ልጃገረድ ነገሩን በስልኳ ባትቀርጸው ኖሮ፥ እርሱም ምናልባት «በበሽታ ሞተ» ተብሎ ይቀር ነበር። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሐማት ግድያውን ከአዲስ አበባ አወገዙ፤ እኛም በየሻይ ቤቱ ስለ ነጮች ግፍ ተነጋገርን። ያም እውነት ነው፤ የቆዳ ቀለም በዚያ ነገር ውስጥ ነበረበት። እኔ ግን ምስሉን ባየሁ ጊዜ ከአንገቱ ይልቅ እግሩን አየሁ። በኛ ገበያ ጉልበቱም አንገቱም የአበሻ ነበረ።

እግሩን የያዘው ፖሊስ ቶማስ ሌን ይባላል፤ ለሥራው ገና አዲስ ነበረ። ይህ ሰው «በጎኑ እናዙረው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። አለቃው እንቢ ስላለው እግሩን እንደ ያዘ ቀረ። ሾቪን በ2013 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት፤ ሌንም ጥፋተኛነቱን አምኖ በመስከረም 2015 ዓ.ም.፥ ይኸውም እኔና የእኅቴ ልጅ ቡይት ራስ ከመውጣታችን አራት ወር ቀደም ብሎ፥ በሚኒሶታ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እርሱ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ይህን ካገኘ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቅ «ተረታ» ያልሁት እኔ ስንት ዓመት ይገባኝ ነበር እያልሁ ሌሊት የቈጠርሁበት ጊዜ አለ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ክርክሩን አልተወም። አልወቅሰውም፤ ሥራው ነውና። «እኛ ግን ታፈንሁ የሚለውን ሁሉ ብንለቅ የሚታሰር ሰው አይገኝም። ሌባ ሁሉ ታፈንሁ ይላል። የሚናገር ሰው ደግሞ ይተነፍሳል» አለኝ። ይህን ሲል ዳገቱን ወደ ጅብራዎቹ እየወጣን ነበር። የቆላው ኑሮ ሳንባውን አስለምዶት ኖሮ፥ ከመካከል ላይ ቆመ፥ ሁለት እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎም «እባክዎን... ትንሽ... እንረፍ» አለ። «እየተናገርህ ነው እኮ» አልሁት። ሳቀ፤ ኋላም መሳቁን ተወ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመናገር የሚበቃ አየር ጥቂት ነው፤ ለመኖር የሚያስፈልገው ግን ብዙ ነው። የሳንባ ሐኪሙ ማርቲን ቶቢን በሾቪን ችሎት ቀርበው ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ሰው ስለ ተናገረ በቂ አየር ያገኛል ማለት አታላይ እምነት ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚያደርሱ ታላላቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ፤ ሁለቱ ባንድነት ሲጫኑ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። አንገቱ ባይነካ እንኳ፥ በሆዱ ተደፍቶ ጀርባውን የተጫኑት ሰው ደረቱ እንደ ልቡ ሊሰፋ አይችልም። ያን ጊዜ ይራገጣል። የሚራገጠው ለመሸሽ ሳይሆን ለመተንፈስ ነው። እኛ ግን እንቢ አለ ብለን ይበልጥ እንጫነዋለን፤ በጸጥታው ጊዜ ደግሞ እጅ ሰጠ እንላለን። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፥ የተያዘ ሰው ካቴና እንደ ገባለት ወዲያው ከሆዱ ላይ እንዲነሣ ለፖሊሶች አስጠንቅቆ ነበር። ከፍሎይድ ሞት ሃያ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

«እንግዲያስ አንገት መያዝ በሕግ ይከልከል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም እንዲሁ እላለሁ፤ ነገር ግን ልጁ ለዚህም መልስ ነበረው። «አንገቱን ብንተው ዱላ እናነሣለን፤ የትኛው ይሻላል?» አለ። ይህ ተራ መልስ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ከተማ አዶልፍ ላየንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 የመኪናው የኋላ መብራት ስለ ተቃጠለ ብቻ ፖሊሶች አቁመውት፥ አንገቱን አንቀው ራሱን እስኪስት አደረሱት። ክሱ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወሰን፥ እስከዚያው ድረስ በከተማይቱ ፖሊሶች አንገታቸው ታንቆ የሞቱት 16 ሰዎች እንደ ነበሩ ከዳኞቹ አንዱ ጽፈዋል። ከተማይቱ ከዚያ በፊት በ1982 አንገት ማነቅን ሰው የመግደል አደጋ ካልመጣ በቀር ከልክላ ነበር። ፖሊሶቹም ወደ ዱላ ዞሩ፤ በ1991 ሮድኒ ኪንግ በዱላ ሲደበደብ ዓለም አየ። ኒው ዮርክም በ1993 ከልክላ ሳለች ኤሪክ ጋርነር በ2014 አንገቱን ተይዞ ሞተ። ስለዚህ ልጁን አላሸነፍሁትም። አንድ አያያዝ በወረቀት ላይ ቢሰረዝ፥ ያዡ ስለ ተያዘው ያለው ሐሳብ ካልተለወጠ፥ እጁ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። በጥንት ጊዜ ሰው ሰውን ሲከስ፥ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ የከሳሹና የተከሳሹ ኩታ ጫፍና ጫፉ ይቋጠር ነበር ብለው ያጫውቱን ነበር። ተቋጥረው በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቢደክመው ሌላውም ይቆማል፤ ነገሩ ሲከብድ በሰንሰለት ይቈራኛሉ። ዛሬም «በዓይነ ቍራኛ ጠብቀው» የምንለው ከዚያ የቀረ ቃል ነው። ያለፈውን ዘመን ላመሰግን አይደለም፤ ጅራፉን፥ እጅ መቍረጡን፥ አደንዛዥ አጠጥተው ሕፃን ልጅ ሌባ የሚያስፈልጉበትን የሌባ ሻይን ነገር አያቴ ራሳቸው ሲያወሩ ይዘገንናቸው ነበር። ነገር ግን በቋጠሮው ውስጥ አንድ ማስተዋል ነበረበት፤ የያዝኸው ሰው እስከ ዳኛው ድረስ ከአንተ ጋር የታሰረ ነው፤ ብታጎድለው የምትጠየቅ አንተ ነህ።

የዛሬውም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ56ኛው አንቀጽ፥ የሚያዘው ሰው በጕልበት ቢከላከል ፖሊስ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ሁሉ እንዲጠቀም ፈቀደ። «ተመጣጣኝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ21ኛው አንቀጽ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳለው ደነገገ። ጩቤ የመዘዘ ሰው ሌላ ነው፤ እጁ የታሰረ ሰው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ፖሊስን ፖሊስ የሚያሰኘው ግን ያችን ደቂቃ ማወቁ ይመስለኛል።

«ያን ሰካራም ካሰርኸው በኋላ ምን አደረግህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ብዙ አሰበ። «ጓደኞቼ እስኪመጡ ድረስ ጀርባው ላይ ተቀመጥሁ» አለ።

«ምን ያህል ጊዜ?»

«እንጃ።»

«ይናገር ነበር?»

«መጀመሪያ ይሳደብ ነበር። ኋላ ዝም አለ።» ወዲያውም እንደ ደነገጠ ሰው ቀና ብሎ «ደኅና ነው! ሰውየው ደኅና ነው፤ በማግሥቱ ቆሞ ፍርድ ቤት ቀርቧል» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። ከልቤ ነበር ያልሁት።

«ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ?»

የማውቀውን ነገርሁት። ጩቤው ከእጁ ከወደቀና እጁ ከታሰረ በኋላ ከላዩ ተነሣ፤ በጎኑ አድርገው፥ ወዲያውም አስቀምጠው፤ ስሙን ጠይቀው፥ እንዲመልስልህም ጠብቅ። ባልደረባህ ተጭኖ አንተ እግር ይዘህ እንደ ሆነ ደግሞ፥ እግሩ ሲረጋ «ተረታ» አትበል፤ «ተነሥ፥ ሰውየው አይተነፍስም» ብለህ ጩኽ፤ ባልሰማህ ጊዜ ባልደረባህን ጎትተህ አንሣው። አለቃህ ቢሆንስ? አለኝ። አለቃህም ቢሆን፥ አልሁት። ይህ ለመናገር ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ በዚያች ገበያ አለቃ እንኳ አልነበረብኝም።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሄደች። ጭላዳዎቹ ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው እያዘሉ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ይወርዱ ጀመር። የጭነቱ መኪና ነጂ ሊሄድ ስለ ሆነ ጡሩምባውን ነፋ። ልጁ ግን ገና ወደ ገደሉ እየተመለከተ ነበር።

«የዚያ ሰው ስሙ ማን ነበረ?» አለኝ።

«አልጠየቅሁትም» አልሁት።

መኪናው ሁለተኛ ነፋ፤ ተነሥተን ሄድን።