ስልክና ትዕግሥት

የሰው ጠባይ የሚመረመርበት ሚዛን ብዙ ነው። አንዱን ሹመት ይመረምረዋል፤ ሌላውን ገንዘብ ይመረምረዋል። እኛን ግን የመረመረን፥ መርምሮም ጐደሎ ሆነን ያገኘን፥ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ስልክ ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለብዙ ዘመን ለጥቂት ቤት ብቻ የነበረው ይህ መሣሪያ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ሽቦ ሳያስፈልገው ከእያንዳንዱ ሰው ኪስ ገባ። ስልክ የሚያነሣውም ሁሉ አስቀድሞ «ሃሎ» ይላል። ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ይህንንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ተምረነዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ግእዝ ስለ ተማርን፥ «ሀሎ» ማለት «አለ» ማለት መሆኑን ሳናስብ አንቀርም። ስለዚህ ስልክ የሚያነሣ ሰው ሳያውቀው «ሰው አለ» ብሎ ይመሰክራል ማለት ነው። ይህ ነገር ለኋላው ታሪካችን ይጠቅመናልና አንባቢ በልቡ ያኑርልን።

እኛ በፍርድ ቤት፥ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ተቀምጠን ባለ ጉዳይ ማስተናገድ ከጀመርን 20 ዓመት ሊሞላን ነው። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ማመልከቻ መቀበል፥ መዝገብ ማውጣት፥ ቀጠሮ መንገር፥ የፍርድ ግልባጭ መስጠት ነው። ነገር ግን ወደ ፍርድ ቤት ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው የለም። አንዱ በውርስ ከወንድሙ ጋራ ተጣልቶ፥ አንዱ ከሚስቱ ጋራ ሊፋታ፥ አንዱ ቤቱን ተነጥቆ ይመጣል። ዳኛውን ሊቈጣ አይደፍርም፤ ባላጋራውንም በፈለገው ጊዜ አያገኘውም፤ ስለዚህ ቍጣውን ተሸክሞ ወደ መስኮቱ ይመጣና በእኛ ላይ ያራግፈዋል። መዝገቡ ከችሎት ሳይመለስ የዘገየ እንደ ሆነ «ጉቦ ፈልጋችሁ ሸሸጋችሁት» እንባላለን። ቀጠሮው የተለወጠ እንደ ሆነ የለወጥነው እኛ እንመስላለን። በዚህም መካከል የጠረጴዛው ስልክ ይጮኻል። ብናነሣው በፊታችን የቆመው ያጕረመርማል፤ ባናነሣው የደወለው ይረግመናል። እኛም ከጊዜ በኋላ አለማንሣቱን መረጥን፤ የሩቅ እርግማን አይሰማምና።

ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ደግሞ የኪሱ ስልክ ተራውን ይቀበላል። አንዱ ያልቈረጥነው ሎተሪ ዕጣ እንደ ወጣልን ያበሥረንና የምስጢር ቍጥራችንን ይጠይቃል። አንዱ ከማናውቀው አገር አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ ይዘጋል፤ መልሰን ብንደውል ሒሳባችን ሊሟጠጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚላከውም የጽሑፍ መልእክት ሌላ ነው። ቍጥራችንን ከማን እንዳገኘ የማናውቀው ባለ ጉዳይም «የኔ መዝገብ ከምን ደረሰ?» እያለ ገና ጉርሻው ከአፋችን ሳይወርድ ይደውልልናል።

ባለፈው የጾም ወራት አንድ ማታ ከልጆቻችን ጋራ ማዕድ ቀርበን ሳለን ስልኩ ጮኸ። ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ አንዲት ልጅ ገና በመሠራት ላይ ያለ የፎቅ ቤት እንድንገዛ ትለምነን ጀመር። የጸሐፊን ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ቢሰማ ይሥቅ ነበር። እኛ ግን በዚያ ቀን በመስኮቱ ሦስት ጊዜ ተሰድበን ውለን ነበርና የዋልንበትን ቍጣ ሁሉ በእርስዋ ላይ አፈሰስነው። «ማን ቍጥራችንን ሰጠሽ? ሰው እያወክሽ እንጀራ ከምትበዪ ሌላ ሥራ አትፈልጊም?» አልናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፥ ከዚህም የባሰ ተናገርን። ልጅቱም «ይቅርታ ጌታዬ፤ መልካም ምሽት ይሁንልዎ» ብላ ዘጋች።

ቀና ብንል ትልቋ ልጃችን እጅዋን ከማዕዱ አንሥታለች። ትምህርትዋን ጨርሳ ከአንድ ድርጅት የስልክ መልስ መስጫ ክፍል ከገባች ሦስት ወርዋ ነበረ። እኛም በንጹሕ ወንበር ተቀምጣ የምትውል መስሎን ደስ ብሎን ነበር እንጂ ሥራዋ ምን እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናትም።

«አባባ፥ እኔ ይህንን ቃል ዛሬ ስንት ጊዜ ሰምቼ መጣሁ» አለች። «የምንናገረው ሁሉ ይቀረጻል፤ የሰደበንን አመስግነን እንሰናበታለን እንጂ ቀድመን መዝጋት አልተፈቀደልንም። እንባችንን ሳንጠርግ ሌላው ጥሪ ይገባል። የተበላሸውን ነገር ያበላሸነው እኛ አይደለንም፤ ነገር ግን ሰው የሚያገኘው የእኛን ድምፅ ብቻ ነው። እርስዎ በመስኮቱ የሚደርስብዎን ማታ ማታ ሲነግሩን እናዝንልዎታለን። ለዚያች ልጅስ ማን ያዝንላት?»

መልስ አልነበረንም። የራት ጸሎቱንም ያሳረገችው ባለቤታችን ናት፤ እኛስ ድምፃችን እንቢ አለን።

በማግሥቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከገጠር መጥተው በመስኮታችን ቆሙ። የፍርድ ግልባጭ ይፈልጉ ነበር። «ግልባጩ ደርሶ እንደ ሆነ ልጠይቅ በጎረቤት ስልክ ስደውል ሰነበትሁ፤ የሚያነሣ ጠፋ። ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ እስካገኝ ድረስ ቀኑ ሄደብኝ» አሉን። መዝገቡን አውጥተን ብንቈጥር ፍርዱ ከተሰጠ 62 ቀን ሆኖታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላልና ይህንኑ ነገርናቸው፤ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጡትም ሰዎች ራሳችን አደረስናቸው። የቀረው የዳኞች ነው። ነገር ግን «ምክንያትዎ ምንድር ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «ስልክ የሚያነሣልኝ አጣሁ» ይላሉ። ያላነሣነውም እኛ ነን።

አንባቢ ሆይ፤ የማይፈለገው ጥሪ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት እንቅልፍ መንሣቱ ወይም ገንዘብ መብላቱ ብቻ አይደለም። ጆሮአችንን አደንዝዞ የሚፈለገውንም ጥሪ እንዳንሰማ ያደርገናል፤ ሰውንም ሁሉ አዋኪ አስመስሎ ያሳየናል።

ከዚያ ወዲህ በቤታችንና በሥራችን ጥቂት ሥርዓት አቁመናል። በማዕድ ሰዓት ስልክ ድምፁ ተዘግቶ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። ስለ ሽያጭ የሚደውል ቢመጣ «አመሰግናለሁ፤ አልፈልግም፤ ቍጥሬንም ሰርዙልኝ» ብለን እንዘጋለን፤ ከዚህ በላይ አንጨምርም። ገንዘብ ወይም የምስጢር ቍጥር ለሚጠይቅ ግን መልስ የለንም፤ ወዲያው እንዘጋበታለን፤ ይህንን ልጆቻችንም አሽከሮቻችንም እንዲያውቁት አድርገናል። በመሥሪያ ቤታችንም ከባልንጀሮቻችን ጋራ ተማክረን፥ ጧት አንድ ሰዓት፥ ከቀትር በኋላም አንድ ሰዓት ያህል አንዳችን ስልክ ለማንሣት ብቻ እንዲቀመጥ ተስማምተናል። ነጋዴዎችም በበኩላቸው የሰውን የራት ሰዓት ቢያከብሩ፥ አልፈልግም ያለውንም ደግመው ባይጠሩት፥ ለሠራተኞቻቸውም ከስድብ ማረፊያ ይሆንላቸው ነበር።

ያችን ልጅ ግን ይቅርታ ልንጠይቃት ብንደውል ቍጥሩ የሚመልስ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ በእርስዋ ፈንታ ለሚደውሉልን ሁሉ «ሃሎ» ስንል የየኔታን ግእዝ እያሰብን ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ሰው አለና።