ጋኔኑ ያሳቀን ጨዋታ

«ብሎ ብሎ ደግሞ በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ድርሰት መጣ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህቺ መጽሔታችን ግጥምና አጭር ልቦለድ የለመደች ናት። ይሁንና ስንት የተባለለት ልቦለድ ያልሰጠኝን ፍርሃት አንድ አሮጌ ጨዋታ ከሰጠኝ ምን ላድርግ?

ጨዋታው «ፋንታስማጎሪያ» ይባላል። ስሙ የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ከተሞች፣ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በፋኖስ ብርሃን የሙታንን ምስል እየጣሉ ሕዝብ ከሚያስደነግጡበት ትርዒት ነው። ሲየራ ኦን ላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያወጣው በሰባት ሲዲ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ሲዲ። እንደ ሌላው ጨዋታ በሥዕል የተሠራ አይደለም፤ እውነተኛ ተዋንያን ናቸው። ባዶ ሰማያዊ ክፍል ውስጥ አቁመው ቀረጿቸው፤ ቤቱ፣ ደረጃው፣ አልጋው በኮምፒዩተር ተሠርቶ ከኋላቸው ገባ። እስቲ አስቡት፤ ተዋናይቷ ቪክቶሪያ ሞርሰል የሌለ በር ስትከፍት፣ የሌለ ደረጃ ስትወጣ ከርማለች።

ደራሲዋ ሮበርታ ዊሊያምስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ከባሏ ከኬን ጋር «ሚስትሪ ሀውስ» የተባለውን ሠርታለች፤ በመስመር ብቻ የተሣለ ቤት፣ ውስጡ ሰዎች አንድ ባንድ የሚገደሉበት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረችው «ኪንግስ ክዌስት» ነገሥታትና ዘንዶ እያመጣች የቤተሰብ ተረት ስትተርት ቆየች። ከ15 ዓመት በኋላ ወደዚያው ግድያ ወዳለበት ቤት ተመለሰች።

ታሪኩ አጭር ነው። ኤድሪየን የምትባል ልቦለድ ጸሐፊ ከባሏ ከዶን ጋር ትልቅ አሮጌ ቤት ገዝታ ትገባለች። ቤቱ ካርኖ የሚሉት የ19ኛው መቶ ዘመን ምትሃተኛ ቤት ነበር፤ ሚስቶቹን የፈጀ ሰው። አንዷን አትክልቷ መሐል አፈር አጉርሶ፣ ሌላዋን በእምቡቶ ምግብ እየጋተ። ኤድሪየን የተደበቀ ጸሎት ቤት ታገኛለች፤ እዚያ ያለውን ሳጥን ትከፍታለች፤ ጋኔን ይወጣል፤ ዶን ላይ ይሰፍራል። በቃ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ ትቶልን በሄደው ኮምፒዩተር ነው። አራተኛው ሲዲ ተጭሮ ስለነበር ታሪኩ እዚያው ላይ ቀረብኝ። ዘንድሮ ያው አጎቴ በኢንተርኔት ገዝቶ ላከልኝ። ያ ሁሉ ሲዲ ዛሬ የላፕቶፕ አንድ ጥግ አይሞላም። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ከበብነው።

መቼም የሳቅነው ሳቅ! ምስሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በመስመር መሐል ጥቁር መስመር። ኤድሪየን አንዲት መሳቢያ ለመክፈት ክፍሉን አቋርጣ በዝግታ ትራመዳለች፤ አንዱ ጓደኛችን «ታክሲ ይጠራላት እንዴ?» ይላል። ልብሷም ከቀን ወደ ቀን ያው ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ። (ይህ እንኳ ዘዴ ነው፤ የትኛውም ቁራጭ ፊልም ከየትኛውም ጋር እንዲገጥም ልብሷ መለዋወጥ የለበትም።) ጋኔኑ ሲመጣማ አልጋ ላይ የተንከባለለ አለ። ደሙም፣ መጥረቢያውም፣ የምትሃተኛው የማሰቃያ ወንበርም አንዳችንን አላስደነገጠም።

ዝም ያልነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስልክ ሊሠራ የመጣ አንድ ሰው አለ። ከኤድሪየን ጋር ሁለት ቃል ቢለዋወጥ ዶን ደርሶ ይጮኻል፤ ሰውየውን ያባርራል። ደም የለም፤ ጋኔን አይታይም፤ ቀን ነው። አንድ ባል ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንዲት ሚስት ፊቷን ስትለዋውጥ ብቻ ነው የምናየው። ተዋናዩ ዴቪድ ሆምብ ሌላ ቦታ ላይ ያበዛዋል፤ ፊቱን ያጣምማል፤ እዚህ ላይ ግን የምናውቀው ሰው ሆነብን። ታክሲ ሲጠራ የነበረው እንኳ ቃል አልወጣውም።

ቀጥሎ አሁንም የሚያከራክረው ትዕይንት መጣ፤ ዶን ገና ሚስቱ ሆና ሳለች በግድ ይደፍራታል። ጨዋታው ሲወጣ በአውስትራሊያ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ በአሜሪካም ኮምፕዩኤስኤ የተባለው ትልቅ የመደብር ድርጅት አልሸጥም ብሏል። ደሙን የሚቀንስ የይለፍ ቃል ሠርተው ነበር፤ ወላጆች እንዲቆልፉት። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኤድሪየንን የሚያንቀሳቅሳት የእኔ እጅ ነው፤ ፀጉርሽን አበጥሪ ስላት ታበጥራለች። እዚያ ላይ ሲደርስ እጄ ሥራ ፈታ። እንደ እሷው ማየት ብቻ ሆነ ዕጣዬ።

«ለምን ጥላው አትሄድም?» አለ አንዱ። ልክ ነው፤ መኪናዋ ደጅ ቆማለች። በጨዋታው ውስጥ ነድታ ከተማ ትደርሳለች፤ ሰው ታነጋግራለች፤ ትመለሳለች።

«ወዴት?» አለ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ። እስከዚያ ድረስ አልተናገረም ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ከላይ ሆኖ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «የእኛ ቤትም ሁልጊዜ ሰይጣን አሳስቶት ነው ይባል ነበር። ጎረቤቱም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እናቴም። ጠዋት ሲነሳ ደህና ሰው ነው።»

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጋኔኑ አላሳቀኝም። ሮበርታ ዊሊያምስ የጻፈችው ባል እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ የሠራው ጋኔን ስለገባበት ነው፤ ሳጥኑንም የከፈተችው ሚስቲቱ ራሷ ናት! ልብ በሉ፤ የደበደበውን ሰይጣን አሳሳተው፣ ሰይጣኑን ደግሞ ሴቲቱ ጠራችው። ይህ የሽማግሌ ዕርቅ ላይ ሲባል የምንሰማው አይደለምን? አንድ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል፤ የአስፈሪ ታሪክ ሥርዓቱ ነው፣ ጋኔን ከሌለ ምን አስፈሪ ታሪክ አለ ይለኛል። ይሁን። ነገር ግን የስልኩን ትዕይንት ጋኔኑን አውጥታችሁ እዩት፤ አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልገውም።

መጨረሻው ላይ ኤድሪየን ባሏን ትገድላለች፤ ጋኔኑን መልሳ ሳጥን ውስጥ ትዘጋለች፤ ከዚያ ፈዝዛ ከቤቱ ወጥታ ትሄዳለች። የድል ሙዚቃ የለ፣ አንድ ቃል የለ። ይህን መጨረሻ ከብዙ ሽልማት ካገኘ ፊልም መጨረሻ አብልጬ እወደዋለሁ።

በማግሥቱ ያ ልጅ ላፕቶፑን አውሰኝ አለኝ። አንደኛውን ምዕራፍ ብቻውን ማየት ይፈልጋል።

«ምን ቀረህ? ጨረስነው እኮ» አልኩት።

«ሳጥኑ ገና ሳይከፈት ዶን እንዴት እንደሚያናግራት ልስማ» አለኝ።

ላፕቶፑን ወደ ላይ አቀበልኩት።