አልጋው የማን ነው?

ናይሮቢ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት ወይም ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣብን የምንወስድበት ቦታ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ናይሮቢ ናሽናል ፓርክ፣ በማግስቱ የቀጭኔዎቹ ማዕከል፣ ማታ ሐርሊንግሃም ሄዶ ክትፎ። ጊዜም ገንዘብም የተረፈው ማሳይ ማራ ይዘልቃል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ደረቁ የግጦሽ አገር፣ የመብራት ምሰሶ ወደማይታይበት የሚያቀና ግን እምብዛም የለም። እኔን ኬንያ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ እዚያ ያለው ነው፤ ባየሁት ቁጥር አፋራችንን ያስታውሰኛልና።

ቦታው ኢል ንግዌሲ ይባላል፤ በላይኪፒያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ የማሳይ ግሩፕ ራንች፣ ማለትም የጋራ የግጦሽ መሬት ነው። በቲካ መንገድ ወጥታችሁ፣ በካራቲና አድርጋችሁ፣ የምድር ወገብ የሚያልፍባትን ናንዩኪን ትይዛላችሁ፤ እስከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቲማው ላይ ገና ስንዴና ብርድ አለ፣ የኬንያ ተራራም በቀኝ በኩል አብሯችሁ ይጓዛል። ከዚያ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቅና መሬቱ ወደ ቀይ አፈር፣ ወደ ግራርና ወደ ድንጋይ ይወርዳል። አስፋልቱም ይቀራል።

እዚያ ያለው ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲከፈት መሥሪያው ገንዘብ በከፊል ከለጋሾች መጣ፣ ጎረቤቱ የሌዋ ጥበቃ ሥፍራም አገዘ፤ ባለቤትነቱ ግን ከመጀመሪያው የማኅበረሰቡ ነው። ጎጆዎቹ በአካባቢው ጠማማ እንጨት ቆመው በሣር የተከደኑ ናቸው፤ ፊታቸው ክፍት ስለሆነ ሸለቆውን እያያችሁ ትተኛላችሁ። የአንዳንዱ ጎጆ አልጋ እግሩ ጎማ አለው። ሲመሽ ገፍተው ከጣሪያው ሥር ወደ ሰገነቱ ያወጡታል፣ አጎበሩ ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ከላያችሁ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። መብራቱ ከሶላር ስለሆነ በቁጠባ ይበራል፤ ካውያና ፀጉር ማድረቂያ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ከሎጁ ሥር የእንስሳት መጠጫ ኩሬ አለ። ዝሆን ሲመጣ ኮቴው አይሰማም። መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ሩቅ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው፣ ቀጥሎ ውኃው በኩምቢ ሲሳብና ወደ አፍ ሲፈስ።

ያስተናገደን የሠፈሩ ወጣት ነው። ሸለቆውን በዱላው ጫፍ እያሳየ፣ «ያ የበጋ ግጦሻችን ነው፤ ሽማግሌዎች ካልፈቀዱ የአባቴም ከብቶች አይገቡበትም» አለን። ሻይ እየቀዳልን ደግሞ ምንም ሳይኩራራ፣ «ይሄ ሎጅ የእኛ የቤተሰቡም ነው» ብሎ ጨመረ። አባቱ የራንቹ አባል ናቸው። ከሎጁ የሚገኘው ገቢ ለትምህርት ቤት፣ ለጤናና ለውኃ ሥራ ይውላል፤ በአጠቃቀሙም ላይ የአባላቱ ጉባኤ ይነጋገራል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኳተር ሽልማትን የሰጣቸውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዳናክል የወረደ ሁሉ ሐመድ ኤላን ያውቃታል። ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች መንደር ናት። አዳሩ በብዙ ነገር ከኢል ንግዌሲ ጋር ይመሳሰላል። ከእንጨት ተሠርቶ በገመድ የተጠላለፈ አልጋ ደጅ ይዘረጋል፣ ላዩ ላይ ስስ ፍራሽ ይጣላል። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ትኩስ ነው። መኪና ጨው ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ግመሉ ቢቀንስም፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ጨው ሜዳው የሚያዘግም ረድፍ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ መኝታ ስንት ቦታ ይገኛል?

ግን ምግብ አብሳዩ ከአስጎብኚው ጋር ከመቀሌ ወይም ከሰመራ ይመጣል። ውኃው በጀሪካን፣ ፍራሹ፣ ድንኳኑ፣ ሽንኩርቱ ሳይቀር ከዚያው ይጫናል። እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ የጨረሰው ከተማ ሳለ ነው። ለአፋሩ የሚደርሰው የመንገድ መሪነትና የአጃቢነት አበል፣ ከዚያም ለአልጋው ትንሽ ኪራይ ነው። እሳተ ገሞራው በእሱ ምድር፣ ጨው ሜዳው በእሱ ምድር፣ እሱ ግን የበይ ተመልካች። ይሄ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም የሚጎድለው ሙያ አይደለም። የአፋር ሴቶች ተክለው፣ ነቅለው፣ በግመል የሚጭኑት የሰሌን ጎጆ ለዚያ ሙቀት ከየትኛውም የቆርቆሮ ሎጅ ይሻላል። ኔትወርክ በሌለበት አገር ዜና የሚያደርስ ዳጉ ያለው ሕዝብ ነው፤ መንገደኛን ቁጭ አድርጎ አገር ሰላም መሆኑን መጠየቅና መንገርን የሚያውቅ ሰው እንግዳ ማስተናገድ አያቅተውም።

ልዩነቱ በአብዛኛው የሕግ ይመስለኛል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው አዋጅ አርብቶ አደሮች በጋራ ስማቸው የመሬት ባለቤትነት ወረቀት እንዲይዙ ፈቀደች፤ በ2016 ደግሞ አዋጁ በማኅበረሰብ መሬት ሕግ ተተካ። ወረቀት ያለው ሰው ውል ይፈራረማል፣ አልስማማም ብሎም ይነሳል። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል፣ አርብቶ አደሩም በነፃ የማሰማራትና ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ጥሩ ቃል ነው። የየትኛው ጎሳ ግጦሽ የት እንደሚያበቃም አፋር አሳምሮ ያውቃል። ከባለሀብት ፊት ቁጭ ብሎ በስሙ የሚፈርምበት ወረቀት ግን ጎሳው በአብዛኛው በእጁ የለም።

ኬንያን እያሞገስኩ ብቻ ማለፍ አልችልም። ላይኪፒያ ራሱ በማሳይ ዕንባ የታጠበ ምድር ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1911 በተደረገው ስምምነት ሕዝቡን ከነከብቱ ወደ ደቡብ አስነሥተው መሬቱን ለነጭ ሰፋሪዎች ሰጡት። ዛሬም ሰፋፊ ራንቾችና ውድ ሎጆች በግለሰብ እጅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ ድርቅ እረኞች ከብት እየነዱ ሲገቡባቸው ሰው ሞቷል፣ ሎጅም ተቃጥሏል። ባለአጥሩም ባለከብቱም አንድ ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ኢል ንግዌሲን የምወደው በዚህ ሁሉ መሐል ሌላ መንገድ እንዳለ ስላሳየ ነው።

ያም መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መቄት ላይ፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ ተስፋ በሚባለው ድርጅት አጋዥነት ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገደል አፋፍ ላይ የሠሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። እዚያም መብራት አልነበረም፤ ምግቡን የሚያበስሉት፣ አህያውን የሚጭኑት፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠሩት የቀበሌው ሰዎች ናቸው። መንዝ ጓሳም የማኅበረሰብ ሎጅ አለ። ጦርነቱና አሁንም ያልበረደው ግጭት እንግዳውን አራቀባቸው እንጂ አሠራሩ አልከሸፈም። አገር ሲረጋጋ ከደጋው ወደ በረሃው ሊወርድ ይችላል።

እናቴ ይህን ሳጫውታት፣ «የእግዜር እንግዳን ገንዘብ ያስከፍላሉ?» ብላ አዘነች። ሐዘኗ ይገባኛል፤ የመሸበትን ያለ ዋጋ አሳድሮ፣ እግሩን አጥቦ የሚሸኝ ቤት ነው ያሳደገን። ግን የዳናክል ጎብኚ የመሸበት መንገደኛ አይደለም። ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ የመጣ ነው፤ ጥያቄው ያ ገንዘብ ማን እጅ ገባ የሚለው ነው።

ከናይሮቢ ወደ ኢል ንግዌሲ ለምትሄዱ፦ ፎር ዊል ድራይቭ ያስፈልጋል፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ደግሞ መንገዱ ይከብዳል። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን የነዋሪ ዋጋ ጠይቁ፣ ብዙ ሎጆች አላቸው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የእጅ ባትሪና ሹራብ ያዙ፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በሚቀጥለው ክረምት ከአሜሪካ ለሚመጡት ዘመዶቻችሁ ዳናክልን የምታስይዙ ደግሞ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን ሐመድ ኤላ ላይ የሚያበስለው ማን እንደሆነ፣ ለአልጋው ስንት እንደሚከፈልና ለማን እንደሚከፈል ጠይቁት። ከመንደሩ ሰው ለመቅጠር እሺ ያለውን ምረጡ።