ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንት ግን ይዘገያል



ከየጥኖራ፣ ከብቸናና ከሞጣ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ሩጫ ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው፤ አሁን ቅልጥሙን ያመዋል። ልከልክለው?»

አትከልክሉት። ግን ሕመሙ ለምን በወሩ እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሩጫን ይለምዳሉ። አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። እንዲያውም አጥንት ለአዲስ ጫና ራሱን ሲያድስ መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚገነባው፤ በመሃል ለጊዜው ይደክማል። ትንፋሹ የቀለለው ልጅ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን «ቻልኩት!» ብሎ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ ጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፈ ይሩጥ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ በድምሩ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። እየሮጠ ከጓደኛው ጋር ማውራት ካቃተው ፈጥኗል ማለት ነው። ዋልካው በክረምት ያንሸራትታል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ ሣር ያለበት ሜዳ ይሻላል።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ እግሩ ግን የለመደ ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እኔ የምወደው የ1968ቱን ሜክሲኮ መጥቀስ ነው። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በእግሩ ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ (ያን ቀን ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ)። አበበ ካቋረጠ የእናንተ ልጅ ቢያቋርጥ ምን ነውር አለው?

አሁን ቅልጥሙን በጣታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ሕመሙ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ስንዝር ያህል ከተዘረጋ ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው ተቆጥተው ነው፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ዕረፍት ይስጠው፣ ከዚያ በትንሹ ይጀምር። አንዲት ጣት የምትሸፍነው ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሲራመድ ወይም ሌሊት የሚያመው ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሩጫው ዛሬውኑ ይቁም፣ ሐኪም ይየው። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ባያሳይም አትዘናጉ፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ ለሳምንታት ላይታይ ይችላል። ሴት ልጅ ከሆነችና የወር አበባዋ ከቀረ ይህንንም ትንገረን፤ በቂ ሳይበሉ መሮጥ አጥንት ያሳሳል። በጾም ሰሞንም ልምምዱ ቀለል ይበል።

ሕመሙን በዲክሎፌናክ አደንዝዞ መሮጥ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ ጨጓራንም ይጎዳል።

ስለ ወጌሻ ስናገር የሚቆጡኝ አሉ። ወጌሻን አከብራለሁ። ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ የመጣው ሦስት ጊዜ ከታሸ በኋላ ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ መርገጥ አቅቶት ነበር። የተሰነጠቀ አጥንት አይታሽም። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውር ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ልጃችሁ ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፈትታችሁ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።