መርፌው ሂርና ላይ ለምን ዝቅ ይላል?

በአሮጌ የአሜሪካ መኪና ላይ ቫኪዩም የሚባለው ሥርዓት፣ ሞተሩ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ከካርቡራተሩ በታች በሚገኘው ማኒፎልድ፣ ማለትም አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው ወደየሲሊንደሩ በሚከፋፈሉበት የብረት ቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረውን የአየር እጥረት በቀጫጭን ቱቦዎች እየወሰደ ለሌላ ሥራ የሚያውል ነው። እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች የዝናብ መጥረጊያውን የሚያወዛውዘው፣ በዲስትሪቢውተሩ ላይ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የሚያስቀድመው፣ በኋላም የፍሬኑን ፔዳል ለእግር የሚያቀለው ይኸው የአየር እጥረት ሲሆን፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው መርኩሪ ኩጋር ላይ ደግሞ የፊት መብራቱን መሸፈኛ ጭምር ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ የአንዱ ቱቦ መሰንጠቅ ሌላውን ያውካል፤ የመጥረጊያው ቱቦ ቢያፈስ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ የፍሬኑ ቱቦ ቢላላም ብልሽቱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በካርቡራተሩ ነው።

ይሁን እንጂ ብልሽት ፍለጋውን ይበልጥ የሚያሳስተው የቱቦው ብዛት ሳይሆን የቃሉ አረዳድ ነው። ቫኪዩም “ይስባል” ይባላል፤ ነገር ግን ባዶ ነገር ምንም አይስብም፤ የሚሠራው ከውጭ ያለው የከባቢ አየር ክብደት ነው፤ አየሩ ባዶ ወደሆነው በኩል ይገፋል፤ ባዶው ቦታ የሚያደርገው ቢኖር አለመቃወም ብቻ ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 እ.ኤ.አ. ባዝቃ፣ በተለምዶ ሜርኩሪ የሚባለውን ፈሳሽ ብረት፣ በመስታወት ቱቦ አቁሞ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በባሕር ጠለል ያለ አየር ባዝቃውን እስከ 760 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ 30 ኢንች ገደማ፣ ደግፎ ያቆመዋል። ከ5 ዓመት በኋላም የፈረንሳዊው የፓስካል አማች ተመሳሳይ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ሲወጣ ባዝቃው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ በማለቱ፣ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር በላዩ ያለው አየር እየቀለለ እንደሚሄድ ተረጋገጠ። በመካኒኩ እጅ ያለው የቫኪዩም መለኪያም እስከ ዛሬ በኢንች ባዝቃ የሚያነበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሂርና በጨርጨር ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ጭሮም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ የከባቢው አየር ባዝቃን የሚደግፈው እስከ 24 ኢንች፣ ማለትም እስከ 610 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአሜሪካ የጥገና መጻሕፍት ጤናማ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል የሚሉት ግን ለባሕር ጠለል ነው፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ገደማ መቀነስ እንዳለበትም ብዙዎቹ በአንድ መስመር ይጠቅሳሉ። ያቺን መስመር የዘለለ መካኒክ ሂርና ላይ 14 ያነበበን ሞተር እንደ ታመመ ቆጥሮ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን ይለውጣል፣ ካርቡራተሩን ይፈታል፣ ቴስታታውን ሳይቀር ያነሣል፤ በመጨረሻም መርፌው ያው 14 ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ቀድሞውንም ደኅና ነበርና።

የአሜሪካ መኪናና የአሜሪካ መጽሐፍ ወደዚህ አካባቢ መምጣት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1944 ዓ.ም. ፖይንት ፎር በተባለው የአሜሪካ የርዳታ መርሐ ግብር ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት መሠረት የእርሻና የሜካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ተቋቁሞ፣ ከሂርና በስተምሥራቅ በሐረር መንገድ ላይ በሚገኘው ዐለማያ በ1950 ዓ.ም. ተመረቀ። የኦክላሆማው ኮሌጅ መቀመጫ የስቲልዎተር ከተማ ከፍታ 300 ሜትር ገደማ ሲሆን የዐለማያው ግን 2,000 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ስቲልዎተር ላይ 19 ኢንች የሚያነብ ሞተር ምንም ሳይነካ ዐለማያ ላይ ወደ 13 ተኩል ይወርዳል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ብቻውን የተሰነጠቀ ቱቦ ሊያስመስል ይችላል ማለት ነው።

ይህ የመለኪያ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ፍሬኑ ያሳያል። የፍሬን ሰርቮ የሚባለው ክብ የብረት ቆርቆሮ በመካከሉ ዲያፍራም፣ ማለትም የጎማ ግድግዳ አለው፤ በአንዱ ወገን ቫኪዩም ይገባል፣ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ በሌላው ወገን የውጭ አየር ይለቀቅና ግድግዳውን ገፍቶ ለእግሩ ያግዛል። የዲያፍራሙ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በባሕር ጠለል በ20 ኢንች ቫኪዩም የሚያገኘው እገዛ 340 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ሂርና ላይ በ14 ኢንች ግን ወደ 240 ኪሎ ይወርዳል። አንድም ዕቃ ሳይበላሽ ከእገዛው አንድ ሦስተኛ ሊባል ጥቂት የቀረው ክፍል ጠፋ ማለት ነው፤ ይህም የሚሆነው ቁልቁለት በበዛበትና ፍሬን ከሌላው አገር ይልቅ በሚያስፈልግበት ስፍራ ነው።

ከፍታው ከተቀነሰ በኋላ መርፌው የሚናገረው ሁሉ የሞተሩ ጉዳይ ይሆናል፤ ንግግሩም በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በአኳኋኑም ነው። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ከሚጠበቀው 2 ወይም 3 ኢንች ዝቅ ብሎ ከቆመ፣ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት የእሳት ጊዜ መዘግየቱ ወይም የፒስተን ቀለበቶች መበላታቸው ይጠረጠራል። እጅግ ዝቅ ብሎ ከቆመ ከማኒፎልዱ ወይም ከካርቡራተሩ ሥር አየር እየገባ ነው። በእኩል ጊዜ ልዩነት እየተመላለሰ ወረድ ካለ አንድ ቫልቭ ተቃጥሏል ወይም በሚገባ አይዘጋም፤ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ከዋለለ የካርቡራተሩ ቅልቅል አልተስተካከለም፤ የሞተሩ ፍጥነት ከፍ ተደርጎ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ካዘነበለ ደግሞ ጭስ ማውጫው ታፍኗል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ስለዚህ ሂርና ላይ የሚዋልል መርፌ ሲታይ ከቱቦው በፊት ቅልቅሉን መመርመር ተገቢ ነው።

የሚያፈሰው ቱቦ የሚገኘው በማግለል ነው። መለኪያው ተገጥሞ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ተብለው ሲጨበጡ፣ መርፌው ከፍ ያለበት ቱቦ ወይም እርሱ የሚያደርስበት ዕቃ ነው የሚያፈሰው። የዲስትሪቢውተሩ ዲያፍራም ደግሞ ቱቦው ተነቅሎ በአፍ ሲሳብና ጫፉ በምላስ ሲደፈን ትንፋሹን ይዞ መቆየት አለበት፤ ካልያዘ ተቀዷል። ለሰርቮው መለኪያ እንኳ አያስፈልግም፤ ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉ ደጋግሞ ተረግጦ የቀረው ቫኪዩም ካለቀ በኋላ፣ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት መስመጥ ይኖርበታል። ካልሰመጠ ሰርቮው እገዛ አያገኝም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፔዳሉ ወዲያው ከደነደነ ደግሞ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ትንሽ ቫልቭ ያፈሳል። ፍሳሽ ለመፈለግ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት የተለመደ ቢሆንም መኪናውን ሊያቃጥል ስለሚችል መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

በክረምት ዝናብ ዳገት ሲወጣ የሚቆም መጥረጊያም ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም። ነጂው ቤንዚን ረግጦ የካርቡራተሩ በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በማኒፎልዱ ውስጥ የነበረው የአየር እጥረት ይጠፋል፤ መጥረጊያውም አብሮ ይደክማል። ሜዳ ላይ እግር ሲነሣ ከተመለሰ ሥርዓቱ እንደ ተሠራው እየሠራ ነው።

ዛሬ ከሂርናና ከጭሮ ጫት ጭነው የሚወጡት አይሱዙዎች ናፍጣ ስለሚጠቀሙ ይህ የማኒፎልድ ባዶነት የላቸውም፤ በብዙዎቹም ለፍሬኑ ሰርቮ ቫኪዩም የሚሠራው ከዳይናሞው ጀርባ የተገጠመ ትንሽ ፓምፕ ነው። ሕጉ ግን አልተለወጠም፤ መመሪያው 700 ሚሊ ሜትር ቢጠይቅ እንኳ ሂርና ላይ ከ610 በላይ የሚያሳይ ፓምፕ በዓለም ላይ አይገኝም፤ ከውጭ ያለው አየር ራሱ ከዚያ በላይ የለምና። አሮጌውም ሆነ አዲሱ መኪና በሌላም ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሞተሩ ሲጠፋ በሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ቫኪዩም የሚበቃው ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል የሚወርድ ነጂ ከአራተኛው ርግጫ ጀምሮ ጭነቱን ሁሉ የሚያቆመው በእግሩ ጉልበት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በየጋራዡ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ የከተማው ቁጥር ግድግዳ ላይ በጠመኔ ቢጻፍ ይበጃል። በጅቡቲ ወደብ 20 ኢንች ያነበበ ጤናማ ሞተር ሚኤሶ ላይ 15 ተኩል፣ ጭሮና ሂርና ላይ 14፣ አዲስ አበባ ላይ 12 ተኩል ገደማ ያነብባል። በቁጥር ረገድ ብልሽት የሚያስጠረጥረው ከዚያ በታች የወረደው ብቻ ነው።