እጄ ነው ወይስ መኪናዋ?

ጋሼ ሁለት ጥያቄ አከታትለው አይጠይቁም። አንዱን ይጠይቁና ዝም ይላሉ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ብሎን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይወለውላሉ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የጠየቁኝን ለመመለስ ግን አራት ወር ፈጀብኝ።

«በል እንግዲህ፣ አንተ መሐንዲስ ልትሆን ነው። ከዘጠና በላይ ስትሄድ የምትዋዥቀው መኪናዋ ናት፣ ወይስ እጄ ነው?»

ሳቅሁ። እናንተም ብትሆኑ ትስቁ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ የጨበጠ ሰው «እጄ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ቀልድ ነው የሚመስለው። ቀልድ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ያባከንኩት ጊዜ ነው ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደብተር ገዝተው፣ ጫማ ቀይረው፣ እዚህ ግቢ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ሥራቸው የሰርቪስ ሾፌርነት ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስና ጫማ የሚሰፉትን ልጆች ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምረው ከየሰፈሩ እየለቀሙ ያደርሱ ነበር። አካባቢውን በጧት ያየ ያውቀዋል። ከአያትና ከአራብሳ በኩል አውቶቡሶቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን መስኮት ላይ ጥለው የቀረቻቸውን እንቅልፍ ይጨርሳሉ። «አርባ አምስት እንቅልፍ ጭኖ መንዳት» ይሉ ነበር ጋሼ፣ «አርባ አምስት እንቁላል ጭኖ ከመንዳት ይከብዳል።»

ከሥራ መልስ ደግሞ ከፓርኩ አጥር ማዶ በተከራዩዋት አንዲት ኮንቴይነር ደጃፍ ላይ ሌላ ፍቅር አለባቸው፦ ፊያት 124 ስፖርት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቀለሟ ድሮ ቀይ የነበረ። ከአንድ ጡረተኛ ግቢ፣ ዶሮ ሲያድርባት አግኝተው በቁርጥራጭ ዋጋ የገዟት ናት። ሞተሯ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍት፣ 1438 ሲሲ፤ በአራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን። ኪሱ ለፌራሪ ያልደረሰ ሰው እንዲደሰትባት የተሠራች ነች። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህማ፣ እንዲህ ያለችውን አሮጊት የሚንቅ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህች መኪና ናት የምትዋዥቀው። በሰፈር ውስጥ ምንም የላትም። ኮብልስቶን ላይ ትንጫጫለች እንጂ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ዘጠናን ስታልፍ ግን፣ ትንሽ ሞቅ እንዳለው ሰው፣ መንገዱ ሁሉ የሷ ይመስላታል።

ጥቅምት ላይ ወሰድኳት። በጎሮ አድርገን፣ በቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማው የክፍያ መንገድ ገባን። ጋሼ ጎን ተቀመጡ። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ። እውነትም ትዋዥቃለች። ስትሄድ አንድ ነገር ናት፤ ነዳጅ ስለቅ ሌላ ነገር ትሆናለች፤ ከባድ መኪና ሳልፍ ደግሞ ነፋሱ ወስዶ ይመልሳታል። ላቤ መጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

«እጅህ ምን ነገረህ?» አሉኝ።

ወገን፣ እዚህ ላይ ነው የማፍረው። እጄ ምንም አልነገረኝም፤ አላዳመጥኩትማ። ፍርሃቴን ነበር የማዳምጠው። ግን «አላውቅም» ማለት ለአምስተኛ ዓመት ተማሪ እንዴት ይሆናል? ስለ ፊት እግር ማዕዘኖች የተማርነውን ምዕራፍ በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። ስለዚህ «ከፊት ነው» አልኳቸው። አላቆምኩም። በ1998 እ.ኤ.አ. ስለወጣችው ስለ አውዲ ቲቲ ነገርኳቸው፤ በጀርመን አውራ ጎዳና በከፍተኛ ፍጥነት እያመለጠች ሰው ከሞተባት በኋላ ፋብሪካው ጠርቶ፣ ጅራቷን አየር እንዳያነሳው ከኋላ ትንሽ ክንፍ እንደገጠመላት፣ እግሮቿን አስተካክሎ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ እንደጨመረላት ተናገርኩ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን እኛ የምንሄደው በመቶ ነው፣ ያውም አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት እጅ አንድ ያህል በሳሳበት ከፍታ ላይ። የአየሩን ነገር ያነሳሁት ዕውቀቴን ላሳይ እንጂ ለችግሩ አልነበረም። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ «እሺ» ብቻ አሉ።

በኔ ቃል ተነስተው የመሪውን ዘንግ ጫፎች አስቀየሩ፤ የፊት አሞርዛተሮች ተለወጡ፤ ጎማዎቹ ባላንስ ተደረጉ፣ ዊል አላይመንት ተሠራ። የሁለት ወር የኮንቴይነር ኪራይ በዚያ አለቀ። ኅዳር ላይ ሞከርናት። ያው ናት። አሁን ሳስበው ባላንሱ ራሱ ሞኝነት ነበር። ባላንስ ያጣ ጎማ ወይም የተጣመመ ቸርኬ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ያም ብዙ ጊዜ በአንድ ፍጥነት ላይ ይመጣና ከዚያ ሲያልፉ ይቀንሳል። አንድ ጎማ አየሩ ቢያንስ ወይም ፍሬን ቢይዝ መኪናዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። የኛዋ አትንቀጠቀጥም፣ አትስብም። ትዋዥቃለች፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም ይብስባታል። ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ እኔ የሦስቱንም መድኃኒት ባንድ ላይ አዘዝኩ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። እሷ ዘንድ መኪና ሲነሳ አበበ ቢቂላ ይነሳል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣበት፣ ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፉት እግሮች ዳግመኛ እንዳልቆሙ አባቷ ነግረዋታል። «እሱን ያህል ሰው የጣለ ነገር፣ ለናንተ ይመለሳል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ነገሩ ተለወጠ። መኪናዋ ገና ከመንገድ መመለሷ ነው። ጋሼ በኮንቴይነሩ ፊት በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ከሥር ያያሉ፤ እኔ ባትሪ አበራለሁ። የሆነ ነገር ሸተተኝ። የሚቃጠል ጎማ መሰለኝና ባትሪውን አዞርኩ። የጋሼ ግራ እጅ የጋለው ማርሚታ ላይ ተደግፏል። እሳቸው ወደ ላይ እያዩ ስለ ዲፈረንሻሉ ዘይት ያወራሉ።

«ጋሼ! እጅዎ!»

አነሱት። አዩት። ቆዳው ተላጧል። ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም፤ የነበረው ሌላ ነገር ነው፣ ስሙን አላውቀውም።

«ስኳሩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ እግሬን ነው የያዘው። አሁን ጣቴም አይሰማ። ለዚህ እኮ ነው የጠየቅሁህ።»

ስኳር እንዳለባቸው አውቅ ነበር። የቆየ ስኳር ነርቭ እንደሚያደነዝዝ፣ ብዙ ጊዜም ከእግር እንደሚጀምር ማንበብ አይከብድም። ከጥያቄያቸው ጋር ግን አላገናኘሁትም። ሰውየው የጠየቁኝ ስለ ፊያት አልነበረም። አርባ አምስት እንቅልፍ ጭነው በየጧቱ የሚወጡበት አውቶቡስ ላይ ልቀመጥ ወይስ ልነሳ ነው ያሉኝ። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች የሚዋዥቁት እሳቸው ናቸው። መኪናዋ ከታመመች ደግሞ ገና ጊዜ አላቸው። እኔ ለዚህ ነው «ከፊት ነው» ብዬ የዋሸሁት።

እጃቸውን አጥበን ከጠቀለልን በኋላ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት።» ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አውቄያለሁ» አሉ። «በል፣ ከሀ እንጀምር። አንድ ባንድ።»

ከሀ ጀመርን። በማግሥቱ ጧት፣ ጎማዎቹ ሳይሞቁ፣ አየራቸውን ለካን። ጎናቸው ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች አነበብን፤ ሁለቱ የተሠሩበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። በክሪክ አንስተን እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘን ነቀነቅን፣ ለኩሽኔታ፤ ከግራና ከቀኝ ይዘን ነቀነቅን፣ ለመሪው። ሲባጎ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጥረን ቀጥታቸውን አየን። ፊቱ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ መሆንም አለበት፣ የሁለት ወር ኪራይ በልቷል።

ከዚያ ጋሼ እኔን ጉድጓድ ውስጥ አስገቡኝ። «ጣቴ አይሰማም። ያንተን ተጠቀም። ጎማዎቹ መሬት ይርገጡ፤ እኔ ከላይ ሰውነቷን ወደ ጎን እገፋለሁ፤ አንተ ብረትና ብረት የሚገናኙበትን ሁሉ በተራ ጨብጥ። አትይ። ጨብጥ።»

ገፉ። አንዱን ጨበጥኩ፣ ዝም። ሌላውን፣ ዝም። የዚህች መኪና የኋላ አክሰል አንድ ወጥ ነው፤ በሞላ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አንድ አግድም ዘንግ ብቻ ነው፤ አንዱ ጫፉ አክሰሉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ሰውነቷ ላይ ይታሰራል። መጻሕፍት የፓናር ዘንግ ይሉታል። ሰውነቷ ላይ የታሰረበትን ጫፍ ስጨብጥ፣ መዳፌ ውስጥ ቀጭ አለ። ጋሼ መልሰው ሲገፉ እንደገና ቀጭ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት!»

«እጅህ ነው ያገኘው ዐይንህ?»

«እጄ!»

በብረቶቹ መሃል የሚገባው ጎሚኒ በዕድሜ ብዛት አልቋል፤ ብሎኑ የገባበት ቀዳዳም ተበልቶ እንቁላል መስሏል። የሠሪው ጥፋት አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የፈጀው ጎማ ነው፣ ቀድሞ ሊያየው የሚገባውም እኔ ነበርኩ። ነዳጅ ሲሰጣትና ሲለቀቅባት፣ ነፋስም ሲገፋት፣ አክሰሉ ጣት በምታህል ክፍተት ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም መኪናዋን ከኋላ ይመራታል። መሪዋ ፊት ለፊቴ ስለሆነ እንጂ ሕመሙ ከጀርባዬ ነበር። በሰፈር ውስጥ የማይታወቀው ደግሞ በሒሳብ ግልጽ ነው። መኪና አቅጣጫዋን አንድ ዲግሪ ብትስት፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትወጣለች፤ በ120 ግን 58 ሳንቲ ሜትር። ጥፋቱ ያው ነው፤ ዋጋው ነው የሚለየው።

ከሶማሌ ተራ ልኩ የሚቀርብ ጎሚኒ አገኘን፤ ቀዳዳው በብየዳ ተሞልቶ ቶርኖ ቤት እንደገና ተቦረቦረ። ከፊቱ ወጪ ሩቡን እንኳ አልፈጀም።

ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ ጧት፣ ወደ አዳማ ወረድን። መንገዱ በሚፈቅደው ልክ፣ 120። ቀጥ አለች። ነዳጅ ለቀቅኩ፣ ቀጥ። ከባድ መኪና አለፍኩ፣ ቀጥ። አዳማ ሲቃረብ፣ እነዚያ የነፋስ ማመንጫዎች ጉብታው ላይ በሚዞሩበት፣ ነፋሱ ከጎን መታን፤ ገፋ አደረገንና ተወን። ጮህኩ፤ ጋሼም ሳቁ።

ስንመለስ መሪውን እሳቸው ያዙ። መኪናዋ አልዋዠቀችም። ግን ሌላ ነገር አየሁ፤ ትሰግዳለች። 90፣ ወዲያው 110፣ መልሶ 95። እግራቸው ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ አይነግራቸውም። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ፤ እግራቸው ሳያውቁት ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሳ፣ የላላው አክሰል እያንዳንዷን ስህተት ወደ ጎን ይተረጉማት ነበር። ሕመሞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል። እኛ አንዱን ስናድን ሌላው ብቻውን ቀረ።

ልናገር? ጥቅምት ላይ ሳላውቅ የተናገርኩ ሰው፣ አሁን አውቄ ዝም ልል ነው? አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ራሳቸው ዳር ያዙ። ሞተሩን አጠፉ።

«መኪናዋም ነበረች፣ እኔም ነበርኩ» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰክሰክ ስትል ተሰምቶሃል?»

«ተሰምቶኛል።»

ቁልፉን ሰጡኝ። ቦታ ተቀያየርን። ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሱም። በሳምንቱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ መለሱ። ደመወዙ ቀረ። እኔ ቅዳሜና እሑድ ኮንቴይነሩ ዘንድ እሠራለሁ፤ በምናገኛት እንኖራለን። ቀላል ነው አልልም፤ አይደለም።

አሁን ሥራችን እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እኔ ከሥር እገባለሁ። «እጅህ ምን ነገረህ?» ይላሉ። አንዳንድ ቀን «ምንም» እላለሁ። «ደኅና» ይሉና፣ ብሎናቸውን አንስተው መወልወል ይጀምራሉ።