«ጠቆር ብትልም»

ትናንት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት ስለ ልጃቸው እጮኛ ለጓደኛቸው ሲያወሩ ሰማሁ፦ «ጠቆር ብትልም ጨዋ ናት። አጥንቷን ግን ገና አላጣራንም።» ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ክፋት የለበትም። የከነከነኝም እሱ ነው።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦርነት ተማርከው የመጡ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ።

ስድቡ ግን ከአደባባይ ወጥቶ ሽምግልና ውስጥ ገባ። «ባሪያ» ለማለት የሚያፍር ሰው «አጥንት ይጣራ» ይላል፤ «ቡዳ» የማይል ሰው ከሸክላ ሠሪዋ ቤት እህል አይቀምስም። እኔም ዘመዶቼ ማዕድ ላይ እንዲህ ሲያወሩ ዝም ብያለሁ።

ልጅቷን አላውቃትም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን ግን ስለ እሷ አፉን የሚከፍት አንድ ሰው እንዲገኝ ከልቤ እመኛለሁ።